ከቆቃ የበለጠው ብልጭታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ በላቸው በሩ ላይ አቆሙኝና አፍንጫቸውን ወደ እኔ ሰደድ አደረጉ።

«ቅቤ ተቀብተሻል» አሉኝ።

«አዎ፤ የመጀመሪያ ቀኔ ነው ብዬ…»

«ሂጂ ታጠቢ። በሳሙና። ሲደርቅልሽ ትመለሻለሽ።»

በእንጦጦ የጠዋት ብርድ ከግቢው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ እናቴ የቀባችኝን ለጋ ቅቤ አጠብኩት። እንባዬ አልመጣም ብል ውሸት ነው። ጋሽ በላቸው የላቦራቶሪው ዋና ቴክኒሻን ነበሩ። ፎጣ አቀበሉኝና ነገሩን አስረዱኝ። እዚህ ቤት የሚሠራው በጨው ክሪስታል ላይ ነው፤ ክሪስታሉ እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ማለት አለበት፤ ጸጉሬን የነካ ጣት እሱን ከነካው ቅባቱ ላዩ ላይ ይቀራል፤ የሌዘሩ ብርሃንም ጨውን ትቶ ቅባቱን ያቃጥላል።

«ቅቤና ሌዘር አይስማሙም፣ ልጄ። እኔም እዚህ የቆየሁት ጸጉር ስለሌለኝ ነው» ብለው መላጣቸውን ዳበስ አደረጉ።

ሳቅሁ። እዚያ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ለሠርግም ለበዓልም ቅቤ አልተቀባሁም። አክስቶቼ ኮራች አሉኝ።

ከዚያ በፊት የአባቴ ሱቅ ሠራተኛ ነበርኩ። ከኮተቤ ወጣ ብሎ ካራ ላይ ለገበሬው የከብት ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪትና ሳሙና እንሸጥ ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ስኳር የሚጠቀለልበትን ወረቀት ነው። ጋዜጣ፣ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ የማላውቀው ተማሪ የወደቀበት ፈተና ሳይቀር አንብቤያለሁ።

አንድ ቀን መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው መጥተው አሞሌ ጨው ጠየቁ። አሞሌውን በቢላዋ ጀርባ መታ አድርጌ ቀጥ ባለ መስመር ለሁለት ከፈልኩት።

«የት ላይ እንደሚመታ በምን አወቅሽ?»

«ራሱ ያሳያል ጌታዬ። ጨው መሰንጠቂያውን አይደብቅም።»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አስፋው እኚህ ናቸው። ፊዚክስ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰው። አሞሌ ደፍራሳ ስለሆነ ለሙከራ እንደማይሆን ያውቃሉ፤ የፈለጉት ለእጅ ማፍታቻ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ጥሩው ክሪስታል ጥቂት ነው፤ እሱን እያበላሹ መማር አይቻልም። በሌላ ቀን ተመልሰው አባቴን አነጋገሩ።

«ከወንዶች ጋር ነው የምትሠራው?» አለ አባቴ።

«ከጨው ጋር ነው፣ ሐጂ» አሉ ዶክተር።

በዚህ ተቀጠርኩ። በወረቀት ላይ «ጊዜያዊ የጉልበት ሠራተኛ» ነኝ። እኛ ግን ጨው ወልዋይ እንል ነበር።

ላቦራቶሪው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች በባሕር ዛፉ መሃል ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ደርግ ከአንድ የመኳንንት ቤተሰብ የወረሰው። ድሮ ግብር ይበላበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ከባድ የድንጋይ ጠረጴዛ ቆሞ ነበር፤ በላዩ ላይ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ የመጣው ሌዘር ተቀምጧል። ወለሉ አይነቃነቅም፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ዶክተር «መኳንንቱ ሳያውቁት ለፊዚክስ ነው የሠሩት» ይሉ ነበር። ቀስ ብለው ነው ታዲያ። በዚያን ጊዜ መኳንንትን በደግ ማንሳት ራሱ ወንጀል ነበር።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ምላጩን ክሪስታሉ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆማለሁ፤ በትንሽ መዶሻ አንዴ ጠቅ አደርገዋለሁ፤ ይሰነጠቃል። ከዚያ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ የተወጠረ ሐር በአልኮል አርሼ እወለውላለሁ። ውሃ ጨውን ስለሚበላው አናስጠጋውም። ጓንት አደርጋለሁ፤ አፌንና አፍንጫዬን በሻሼ እሸፍናለሁ፤ ትንፋሽም ውሃ ነውና። ሲያልቅ አምፖል በሚበራበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ የአምፖሉ ሙቀት እርጥበቱን ያርቃል። በክረምት የእንጦጦ ጉም በመስኮት ሲገባ ሳጥኑ ትንሽ ተከፍቶ ከቆየ፣ የወለወልኩት ፊት ሞራ እንደለበሰ ዓይን ይደበዝዛል። ያን ጊዜ እንደገና ሀ ብዬ እጀምራለሁ።

«ዘይነባ፣ ቀኑን ሙሉ አልኮል ይዘሽ ትውያለሽ ብዬ ለሐጂ ልንገር?» ይሉኛል ጋሽ በላቸው።

«ይንገሩ። የሚጠጣው ጨው ነው፤ እኔ አሳላፊ ነኝ።»

«በረመዳን ግን ሥራሽ ያምራል። ውሃ ስለማትቀምሺ ትንፋሽሽ ደረቅ ነው።»

«እንግዲያው አብረውኝ ይጹሙ፤ ሁለት እንሁን።»

«ተይኝ እባክሽ! የራሴው ጾም መች አለቀልኝና።»

የምወለውለው ለምን እንደሆነ ዶክተርን ጠየቅኋቸው። አልናቁኝም። ቁጭ ብለው አስረዱኝ።

«በጨው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች እያንዳንዳቸው ቤታቸውን ዘግተው የተቀመጡ ናቸው። ተራ ብርሃን መጥቶ ያንኳኳል። ጉልበቱ አይበቃም፣ በሩ አይከፈትም፣ ብርሃኑ ያልፋል። ጨው ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። እኛ ግን ብርሃኑን ዓይን ተርገብግቦ ከሚጨርስበት እጅግ እጅግ ባጠረ ጊዜ ውስጥ እናጭቀዋለን። ያን ጊዜ ብዙ ሆኖ በአንድ ላይ ያንኳኳል። በሩ ይበረገዳል፣ ኤሌክትሮኑ ይወጣል፣ የወጣው ጎረቤቱን ገጭቶ ያስወጣል፣ ያም ሌላውን። ናዳ ይሆናል። ጨው ይሰነጠቃል።»

በዚያን ዘመን የየካ ሰው በር ሲንኳኳ ምን እንደሚከተል የሚያስረዳው አያስፈልገውም ነበር። ጋሽ በላቸው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

«ዶክተር፣ ሌላ ምሳሌ ይፈልጉ» አሉ።

የዶክተር ጥያቄ ይኼ ነበር። ብልጭታው በጣም ካጠረ ናዳው ለማደግ ጊዜ አያገኝም። እንዲያ ከሆነ ጨው ከወትሮው የበለጠ ብርታት ያለውን ብርሃን ሳይሰበር መቻል አለበት። ጨው ከመሰበሩ በፊት ባለችው ጠርዝ ላይ ኤሌክትሮኖቹ ምን ያደርጋሉ? ይወዛወዛሉ፤ ወጣ ይሉና ቤታቸው ይመለሳሉ። ዶክተር የፈለጉት ያቺን ጠርዝ ነው። ብርሃኑን ቀስ እያሉ ያበረታሉ፤ እኛ የዓይን መከላከያ መነጽራችንን አድርገን እንጠብቃለን። ሌዘሩ ጠቅ ይላል፤ ምንም የለም። ጠቅ ይላል፤ አሁንም የለም። ከዚያ በጨው ሆድ ውስጥ እንደ ኮከብ ያለች ስንጥቅ ብቅ ትላለች። ክሪስታሉን ገፋ አድርገን ሌላ ቦታ ላይ እንደገና እንጀምራለን። ገጹ ላይ ጭረት ካለ ብርሃኑ ጭረቱን ይዞ ይሰብረዋል፤ ልኩም ውሸት ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ሐር የእሳቸውን እውነት ይጠብቅ ነበር።

ያቺ ጠርዝ የተገኘችው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። ዶክተር ደጋግመው ሞከሩ፤ በደጋገሙ ቁጥር ያው ሆነ። ባጠረው ብልጭታ ጨው የበለጠ ቻለ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳራሹን ሲዞሩ ልጅ ይመስሉ ነበር። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም።

መከራው የመጣው በዚያው ሳምንት በውይይት ክበቡ ላይ ነው። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም እንሰበሰባለን። የሚመራው የተቋሙ ካድሬ ጓድ ተሾመ ነው፤ ወጣት፣ ሲናገር ጠረጴዛ የሚደበድብ።

«ጓድ ዶክተር፣ በሰፊው ሕዝብ ገንዘብ ጨው ላይ መብራት ታበራላችሁ ይባላል። ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ዶክተር ጠንቀቅ ብለው ይመልሱ ነበር። የዚያን ቀን ግን ገና የሙከራው ደስታ አልወጣላቸውም።

«ጓዶች፣ የእኛ ብልጭታ በምትበራባት ቅጽበት ያላት ኃይል የቆቃ ግድብ ከሚያመነጨው ይበልጣል!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ዘበኛው ሳይቀር አጨበጨበ። ዶክተር ቅጽበቷ ምን ያህል አጭር እንደሆነች አስከትለው ተናግረዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጭብጨባው ዋጠው። ጋሽ በላቸው ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። ጓድ ተሾመ አላጨበጨበም።

«ይድገሙልኝ፣ ጓድ ዶክተር። ከቆቃ?»

«ከቆቃ።»

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሻለቃ በላንድሮቨር መጣ፤ ሾፌሩና አንድ ወታደር ተከትለውታል። ሰሜን ላይ ጦርነት ነው፤ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። እኛ ዘንድ ከቆቃ የበለጠ መሣሪያ አለ ተብሎ ተነግሮታል። ጠረጴዛውን ዞሮ አየው፤ መስታወቶቹንና ሌንሶቹን፣ ለሌዘሩ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን፣ በሳጥን የተደረደሩትን ካፓሲተሮች። ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

«እርስዎ ነዎት ዶክተሩ? ያሳዩን እስቲ።»

ዶክተር መነጽር አደሏቸው። እኔ ጠዋት የጨረስኩትን ክሪስታል ከሳጥኑ አወጣሁ። ጠቅ። በጨው ሆድ ውስጥ ኮከቧ ብቅ አለች።

«በቃ?»

«በቃ፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ብረት ላይ አድርጉት።»

ቀበቶውን ፈታና ዘለበቱን አቀበለ። ጠቅ። ሻለቃው ዘለበቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠው። ቁንጫ የነከሰች የምታህል ነጥብ ናት ያለችበት። ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሻለቃው ዞር ሲል ሳቁን ዋጠ።

«ቆቃ ይኼ ነው?» አለ ሻለቃው።

ዶክተር ለማስረዳት ሞከሩ። ብልጭታዋ ያላት ጉልበት ቢጠራቀም አንድ ብርጭቆ ሻይ አያሞቅም፤ ነገር ግን በጣም ባጠረ ጊዜ ውስጥ ስለምትፈስ በዚያች ቅጽበት ከግድብ ትበልጣለች፤ ቅጽበቷ ስታልፍ ምንም የለም። መሣሪያ አይሆንም፤ የኤሌክትሮንን ጠባይ ማወቂያ ነው።

ሻለቃው «እርስዎ» ማለቱን ተወ።

«ስማ። በስብሰባ ላይ ከቆቃ ይበልጣል ብለሃል። አሁን ሻይ አያሞቅም ትላለህ። ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን ለማን እንደምትደብቀው እኔ አላውቅም። አንዱን ምረጥ።»

«ሁለቱም እውነት ነው፣ ጓድ ሻለቃ።»

«አንዱን ምረጥ አልኩህ። በሂስና ግለ ሂሱ ቀን ትናገራለህ።»

ቀበቶውን እየታጠቀ ወጣ።

ምርጫው ምን እንደነበረ ለወጣት አንባቢዎች ግልጽ ላድርገው። «ጉራ ነበር፣ ለመወደድ ብዬ ነው» ካሉ ተዋርደው፣ ምናልባት ከደረጃቸው ዝቅ ተደርገው ቤታቸው ይገባሉ። «ሁለቱም እውነት ነው» ካሉ መሣሪያ ደብቀው በአብዮቱ ላይ አሻጥር የሠሩ ይባላሉ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን በየሰፈራችን አይተናል።

ጋሽ በላቸው በምሳ ሰዓት ለመኗቸው። ሁለታቸውም ከቤት ያመጡት ምሳ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ጉራ ነበር ይበሉ፣ ዶክተር። አንዲት ቃል ናት። እኔም ወጣት ሆኜ ስንት ጉራ ነዝቻለሁ፤ ሰው ከጉራ አይሞትም።»

«በላቸው፣ የብልጭታው ኃይል ጉራ ነው ካልኩ ያገኘነው ሁሉ ጉራ ነው። ጨው የቻለው ምኑን ነው ልበል?»

«ጨው ይቅር ይልዎታል። እነዚህ ግን አይሉም።»

«ዘይነባ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ቤት የሚጠብቋቸው ልጆቻቸው ታዩኝ። «ጉራ ነው ይበሉ» አልኩ። ፈገግ ብለው ምሳቸውን ከደኑ።

በሂሱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስንገባ ላንድሮቨሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል። ይህን የምጽፈው ኋላ ሰዎች «አንቺ እንዲያ ባትናገሪ፣ እሳቸው እንዲህ ቢሉ» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። መኪናው ስብሰባው ሳይጀመር መጥቶ ነበር።

ጓድ ተሾመ ከላብ አደሩ ምስክር እንስማ ብሎ እኔን አስነሳኝ።

«ጓድ ዘይነባ፣ አንቺ የጭቁን ልጅ ነሽ። አትፍሪ። ይህ ዕቃ ከቆቃ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?»

የማውቀው የሱቅ ነገር ነው፤ በሱቅ ነገር መለስኩ።

«ጓድ፣ አንድ ኩንታል ጨው እግርዎ ላይ ቀኑን ሙሉ ፍሬ በፍሬ ቢንጠባጠብ አያምዎትም። በአንዴ ቢወድቅ ይሰብርዎታል። ጨው ያው ነው፤ የተለየው አወዳደቁ ነው።»

«መልካም! ታዲያ ይህን ኩንታል ጠላት እግር ላይ ለምን አልጣላችሁትም?»

«የእኛው ኩንታል አይደለማ፣ ጓድ። ወጥ ውስጥ የሚገባ ቁንጥር ናት። ጠላት ላይ ብንጥላት ወጡ ይጣፍጥለታል እንጂ አይሞትም።»

አዳራሹ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፤ ስንት ወር ሳይስቅ የከረመ ሰው ነው። ለአንድ አፍታ ዳንን ብዬ ነበር። ጓድ ተሾመ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «ተቀመጪ» አለኝ። ወደ ዶክተር ዞረ።

«ጓድ ዶክተር፣ አንዱን መርጠዋል?»

ዶክተር አስፋው ቆሙ። ተማሪ ፊት የቆሙ ይመስላሉ።

«የብልጭታው ኃይል ከቆቃ ይበልጣል። ጉልበቱ ሻይ አያሞቅም። ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛ ነገር የለኝም።»

ሁለት ወታደሮች ገቡ። «ለጥቂት ጥያቄ ነው» አሉ። እንዲህ ነበር የሚሉት። ያን ጊዜ ስቆ ከነበረው አዳራሽ አንድም ሰው ቀና አላለም፤ እኔም ጭምር። ዶክተር ጋዋናቸውን አውልቀው፣ አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡትና ወጡ።

መኪናው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ሲወርድ ጋሽ በላቸው ባሕር ዛፉ እስኪጋርደው ቆመው አዩት። አልቅሰው ሲያበቁ ወደ ውስጥ ገብተው የካፓሲተሮቹን ኃይል ባዶ አደረጉ። «ሊወስዱት ይመጣሉ። ኤሌክትሪክ ይዞት የሰው ልጅ እንዳይሞት» አሉኝ።

እውነትም መጡ። መስታወቶቹን በእጃቸው ነቀሉ፤ ስንት ሳምንት የተስተካከለውን። ሌዘሩን በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱት። ኋላ እንደሰማነው በአንድ ካምፕ መጋዘን ውስጥ ጣራው በሚያፈስበት በኩል ተቀምጦ ዛገ። ከውስጡ ቆቃን የፈለጉ ሰዎች ፈትተውታል አሉ።

ክሪስታሎቹን አልፈለጓቸውም፤ ጨው ናቸዋ። ሳጥኑ ውስጥ ትተዋቸው ሄዱ። እኔ በየቀኑ አምፖሉን እያየሁ ጠበቅኋቸው፤ ዶክተር ሲመለሱ ቢያንስ እነሱ ይኑሩ ብዬ። ክረምቱ ሲገባ ጓድ ተሾመ መጣ።

«ይህ አምፖል ለማን ነው የሚበራው?»

«ለክሪስታሎቹ ነው፣ ጓድ። ከጠፋ ይቀልጣሉ።»

«የመብራት ቁጠባ መመሪያ ወጥቷል፤ አልሰማሽም? ለጨው መብራት የለም።»

ራሱ አጠፋውና ገመዱን ይዞ ሄደ። በሻሼ ጠቅልዬ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። የእንጦጦን ክረምት ምድጃ አይመልሰውም። መጀመሪያ ፊታቸው ደበዘዘ፤ ቀጥሎ ጠርዛቸው ዶለዶመ፤ ከዚያ ውሃ መቋጠር ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት የሻሼ ጫፍ በጨው ውሃ ርሶ አገኘሁት። የባሕር ማዶው ክሪስታል ሁሉ ይኸው ነው። ጨምቄ ደፋሁት።

ለዶክተር ባለቤት እስከ እስር ቤቱ ስንቅ ማቀበያ ድረስ ዘንቢሉን እይዝላቸው ነበር። ምግቡ ይገባል፤ ባዶው ሣህን ይመለሳል። ሣህኑ እስከተመለሰ ድረስ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ሌላ ዜና አልነበረም።

ብዙ ክረምት አልፎ ዶክተር ተፈቱ። ክፍለ ሀገር፣ ሩቅ ቦታ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነው ተመደቡ። ከመሄዳቸው በፊት ካራ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አባቴ በርጩማ አወጣላቸው።

«ክሪስታሎቹስ?» አሉኝ።

መዋሸት አሰኝቶኝ ነበር። አልቻልኩም። «ቀለጡ፣ ዶክተር።»



«አንድ ወዳጄ መጽሔት አሳየኝ። እኔ እዚያ ሳለሁ ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ለክተውታል። እኛ እንዳገኘነው ነው። በአጭር ብልጭታ ጨው የበለጠ ይችላል።» ከዚያ እኔን ሳይሆን የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን እያዩ፣ «ትክክል ነበርን፣ ዘይነባ» አሉ።

ተሰናብተውን ሄዱ። ሌዘር ዳግመኛ አልነኩም፤ የተመደቡበት አገር ሳሉ አረፉ። ጋሽ በላቸው በጡረታ ወጡ። እኔ ከፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ገብቼ ዓይኔ እስኪደክም ሌንስ ስወለውል ኖርኩ። መስታወት ከጨው ይቀላል፤ ትንፋሽ አይፈራም።

አሁን አልፎ አልፎ በላቦራቶሪ የሚሠሩ ወጣቶች ስለዚያ ዘመን ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። መወልወሉን አሳያቸዋለሁ፤ በአንድ ጠዋት ይለምዱታል። ሌላ የምነግራቸው ነገር አንድ ብቻ ነው። ጎብኚ መጥቶ ኃይሉ ምን ያህል ነው ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ መጀመሪያ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ንገሩት። ያን ሰምቶ ሳይጨርስ ኃይሉን አትንገሩት።